የስህተት ቁልቁለት

ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራ ሲወርድ፣
በትሪየስቴ ጎዳና ይወጠራል ገመድ፤
ሽማግሌው ይዞ፣ ነፍሰ ጡሯ ይዛ፣
ደብዳቤ አዳይዋ እንደ ጨርቅ ተጠምዝዛ።
ኦንዲናም በገመድ፣ ሃያ አራት ክረምት፣
ከቤቷ እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ቤት።

የመርከብ መድን ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ማህተሙ በእጇ፣ ቁልፉም የእሷ ጉዳይ።
ፎቶኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲያላምጥ፣
ታውቃለች የት ጎኑ ሲመታ እንደሚያዳምጥ፤
የማን ሳል እውነት ነው፣ የማን ሳል ለዕረፍት፣
የቱ ካፒቴን ነው በደብዳቤ ትሁት፣ በስልክ አውሬ ፍጥረት።
ከሁሉ የምትኮራው ግን በአንዲት ነጭ ብልቃጥ፣
ስህተት በምትቀብርባት፣ ፊደል ሲያፈነግጥ።
ቀባ አርጋ፣ እፍ ብላ፣ አለቃ ሳያየው፣
ከፈን አልብሳ ሸኘችው፣ ማንም ሳይለየው።
ስንቱን!
ያለ ሣጥን፣ ያለ አፈር፣
ያለ "ነፍስ ይማር"።

በመጋቢት፣ ማክሰኞ፣ አንድ ወጣት መጣ፣
ከሚላኖ በባቡር፤ ላፕቶፑን አወጣ።
"ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደብዳቤ ያነባል፣
ይለያል፣ ያረቃል፣ በየፋይሉ ያስገባል።"
አለቃው አጨበጨበ። አጠገቧ ሩጄሮ
ጡረታውን ቆጠረ በጣቱ፣ ወንበሩን አዙሮ።
እሷ ከመሳቢያ አንድ ደብዳቤ መዘዘች፤
"እስቲ ይህን ያንብብ" አለች።
አሮጌ ካፒቴን ከፒራን የላከው፦
"መርከቤ ደህና ናት፤ ባሕሩን አመመው።"
ማሽኑም መደበው፦ "ሕክምና ክፍል"።
ሳቀች፤ ዴስኩን ይዛ፣ ሆዷን ይዛ፣ ልትወድቅ ስትል።
ከዚያ ዝም አለች። ጠየቀች በዝግታ፦
"ይሄን ስህተት አሁን የምትቀብሩት የት ቦታ?"
ልጁ ግራ ገባው። "አንቀብርም እኛ፤
እንለካዋለን፤ እሱ ነው መሪያችን፣ የለንም ሌላ ዳኛ።"

ያን ሌሊት አልተኛችም።

በሰኔ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ መልቀቂያዋን ጻፈች፤
ቀኑን ተሳስታለች፤ ብልቃጧን ሳትነካ እንዳለ ላከች።
ማህተሙን አስረከበች፤ ሰማያዊው ቀለም
ብትፈትገው ብትፈትገው ሳምንት ከጣቷ አልለቀቀም።
እህቷ ፌዶራ በስልክ "አበድሽ!" አለች፤
"በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ ቤቷን ታስቀባለች፣
ወይ ድመት ታረባለች።"
"ድመትም አለችኝ" ብላ ዘጋች።

የማታው ክፍል ልጇን በሚያህሉ ተሞላ፤
ማታ የያዘችው ማትሪክስ ሲነጋ የለም፣ ተበላ።
ሁለት ፈተና ወደቀች። መታጠቢያ ቤት ገብታ
አለቀሰች፣ ሰው እንዳይሰማ የእጅ ማድረቂያውን አስነስታ።
መምህርቷ ዝላታ፣ ገና ሃያ ስምንቷ፣
እንዲህ አለች አንድ ቀን፣ ጠመኔ በጣቷ፦
"ተራራ ላይ ነሽ እንበል፤ ጭጋግ ዓይንሽን ይጋርዳል፤
ከፍታው ስህተትሽ ነው፤ እግርሽ ብቻ ይዳስሳል።
ወዴት ነው ቁልቁለቱ? አንድ እርምጃ ውረጂ።
እንደገና ዳስሺ። ሸለቆውን እንዳታልፊው፣ ቀስ በይ እንጂ።
እንዲህ ነው ማሽን የሚማረው።"
ኦንዲና ፈገግ አለች። ያ መንገድ
የምታውቀው መንገድ ነው፤ የጎደለው ገመድ።

ዛሬ ወደቡ አጠገብ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣
ካምናው በሲሶ በሚያንስ ደሞዝ፣ ከአራት ወጣቶች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ፊት፣
ማሽን ታስተምራለች፦ ካፒቴን ሲያሽሟጥጥ፣ ሲዋሽ ምን እንደሚል፤
ባሕር ታመመ ሲባል፣ ሐኪም ሳይሆን ማዕበል።
ብልቃጧ መስኮቱ ላይ ናት፤ ነጩ ቀለም ደርቋል።
ማሽኑ ዛሬም ስቷል።
ቀይ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብልጭ ሲል፣ ሁሉም ፀጥ ሲል፣
ወንበሯን ቀረብ አርጋ፣ "ይማር" ትላለች።
ጠብቆ ይሁን ላልቶ፣
ልጆቹ አልለዩም፤ እሷም አልነገረች።